ቀለበቱን ከማን ጋር ወሰድከው?

በ2003 ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ ሻምፒዮን ሲሆን ከቲም ዳንካን ጎን ስንት ታላላቅ ተጫዋቾች ተሰልፈው ነበር? ቆጥሮ የሚመለስ ጥያቄ ስለሆነ መልሱ አንድ መሆን ነበረበት። ሁለት ሰው ብትጠይቁ ግን ሁለት መልስ ታገኛላችሁ፤ ሁለቱም አይዋሹም። አንደኛው «ሦስት» ይላችኋል። ዴቪድ ሮቢንሰን፣ ቶኒ ፓርከርና ማኑ ጂኖቢሊ ሦስቱም ዛሬ ስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው የቅርጫት ኳስ የዝነኞች አዳራሽ ስማቸው ሰፍሯል። ሌላው ደግሞ «አንድም አልነበረም» ይላችኋል። በዚያ የውድድር ዘመን የሊጉ ምርጦች በየዓመቱ ለሚገናኙበት የኮከቦች ጨዋታ ከስፐርስ የተመረጠው ዳንካን ብቻ ነበርና።

ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ሮቢንሰን 37 ዓመቱ ነበር፤ ጀርባው እያስቸገረው በዚያው ፍጻሜ ማግስት ጫማውን ሰቀለ። ፓርከር 21ኛ ዓመቱን የደፈነው በጥሎ ማለፉ መካከል ነው። ጂኖቢሊ ኤንቢኤን ከተቀላቀለ ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር። የዝነኞች አዳራሹ መዝገብ አንዱን ጉልበቱ ካለቀ በኋላ፣ ሁለቱን ደግሞ ገና ሳይበስሉ ቆጥሯቸዋል ማለት ነው። ኒው ጀርሲ ኔትስ በተሸነፈበት የመጨረሻው ጨዋታ ዳንካን 21 ነጥብ አስቆጠረ፤ 20 ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) ወሰደ፤ ለነጥብ የበቁ 10 ኳሶችን አቀበለ፤ ስምንት ሙከራዎችን አገደ። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ነው።

የቅርጫት ኳስ ታላላቆችን በአጋሮቻቸው ጥንካሬ እየመዘኑ ማወዳደር የዘመናችን ዋና ክርክር ሆኗል። የክርክሩ መነሻ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ማይክል ጆርዳን ለሻምፒዮን ከሚሰጠው ቀለበት ስድስት አለው፤ ሌብሮን ጄምስ አራት። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠቅስ ከወዲሁ ልናገር።) የጆርዳን ደጋፊ ጣቱን ቆጥሮ ይጨርሳል። የሌብሮን ደጋፊ ደግሞ «ከማን ጋር?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጉድ ነው። የጆርዳን ባልደረባ ስኮቲ ፒፕን በአንደኛው ወገን አንደበት ከምንጊዜውም ታላላቅ ተከላካዮች አንዱ ሲሆን፣ በሌላኛው ወገን አንደበት ያለ ጆርዳን ማንም የማያውቀው የአርካንሶ ልጅ ይሆናል። የሌብሮን የማያሚ ባልደረባ ድዋይን ዌድም እንዲሁ፤ ሌብሮን ሲመሰገን ጉልበቱ ያለቀ ሰው፣ ሌብሮን ሲነቀፍ ደግሞ ማያሚን ብቻውን የሚሸከም ኃያል። እያንዳንዱ ደጋፊ የራሱን ጀግና ጓደኞች ሲያሳንስና የሌላውን ሲያገዝፍ ይውላል። ሻምፒዮን መሆን እንደ ጥፋት፣ ጥሩ ባልደረባ ማግኘት እንደ ማጭበርበር የሚቆጠርበት እንግዳ ሸንጎ ነው።

ኃይሌንና ቀነኒሳን ስናወዳድር ይህ ጣጣ የለብንም። ሰዓቱ አለ፤ መሙ አለ፤ ሜዳልያው የአንድ ሰው አንገት ላይ ነው። ቅርጫት ኳስ ግን መሐል ላይ የቆመ ስፖርት ነው። በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ የሚገኘው አምስት ሰው ብቻ ስለሆነ አንድ ታላቅ ተጫዋች ከእግር ኳስ አጥቂ እጅግ የበለጠ ውጤት ይቀይራል፤ አምስት ስለሆኑ ደግሞ ብቻውን አይበቃም። ጆርዳን ራሱ ምስክር ነው። በ1986 ቦስተን ሴልቲክስ ላይ 63 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑ ተሸንፏል። ፒፕንና ሆራስ ግራንት በ1987 ከመምጣታቸው በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት የጆርዳን ቺካጎ ቡልስ በጥሎ ማለፍ አሥር ጊዜ ተጫውቶ ያሸነፈው አንድ ጊዜ ነው።

እንግዲህ አጋር ያስፈልጋል። የሚከብደው አጋሩ ምን ያህል ብርቱ እንደነበረ መለካቱ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያነሳው የመጀመሪያው መለኪያ የዝነኞች አዳራሽ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የከፋውም እሱ ነው። ቢል ራስል በ13 ዓመታት 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ክብሩን ዝቅ ለማድረግ የፈለገ ሰው ከአዳራሹ የቡድን አጋሮቹን ስም ይደረድራል፦ ቦብ ኩዚ፣ ቢል ሻርማን፣ ቶም ሄንሶን፣ ሳም ጆንስ፣ ኬ.ሲ. ጆንስ፣ ጆን ሃቭሊቼክ። ዝርዝሩ ያስፈራል። ግን ኬ.ሲ. ጆንስን እንመልከት። በጨዋታ በአማካይ ያስቆጠረው 7.4 ነጥብ ነው። ድንቅ ተከላካይ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሆኖም ስምንት ቀለበት ባይኖረው ኖሮ ወደ አዳራሹ ይገባ ነበር ብሎ የሚምል ሰው አላጋጠመኝም። ስምንቱንም ቀለበቶች ያገኘው ከራስል ጋር ነው። ስለዚህ ሰውየውን ታላቅ ያደረገው ድል፣ ያ ድል ለራስል ቀላል እንደነበረ ማስረጃ ሆኖ ተመልሶ ይቀርባል። ገንዘቡን ለሰው አበድረህ ባለዕዳው ሀብታም ሲሆን «አንተማ ሀብታም ጓደኛ አለህ» እንደመባል ነው።

ሌላም አለ። ኩዚና ሻርማን ራስል ከመምጣቱ በፊትም በቦስተን ነበሩ፤ ያኔ ግን ሴልቲክስ ለፍጻሜ ደርሶ አያውቅም ነበር። ራስል በመጣበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1957፣ ዋንጫው ቦስተን ገባ። ኩዚ በ1963 ሲሰናበት ብዙዎች አበቃለት አሉ፤ ራስል ከእርሱ በኋላ አምስት ተጨማሪ ዋንጫ አነሳ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አሰልጣኝም ተጫዋችም ሆኖ። በሌላ በኩል በ1957 ሊጉ ውስጥ የነበሩት ስምንት ቡድኖች ብቻ መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ዛሬ 30 ናቸው። የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ስምንት ቦታ ሲከፋፈሉ እያንዳንዱ ቡድን፣ ተሸናፊውም ጭምር፣ ዝነኛ አይጎድለውም። በ1969ኙ ፍጻሜ ራስልን የገጠመው ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጄሪ ዌስትን፣ ኤልጂን ቤይለርንና ዊልት ቻምበርሌንን በአንድ ላይ ይዞ ነበር፤ በገዛ ሜዳው በሰባተኛው ጨዋታ ተሸነፈ።

የአዳራሹን መለኪያ እስከ መጨረሻው ከወሰድነው ወደ ቀልድ ይቀየራል። በ1997 ከጆርዳን ጋር ቀለበት ካጠለቁት መካከል ቀድሞ የቦስተን ኮከብ የነበረው ሮበርት ፓሪሽ ይገኛል፤ 43 ዓመቱ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም ተቀምጦ ያይ ነበር። በ2020 ከሌብሮን ጋር የነበረው ድዋይት ሃዋርድም በ2025 አዳራሹን ተቀላቅሏል፤ የ2020ው ሃዋርድ ግን በኦርላንዶ ሊጉን ያስጨነቀው ሃዋርድ አልነበረም። ስም አይጫወትም።

ሁለተኛው መለኪያ ከዚህ ይሻላል፦ ተጫዋቹ ሻምፒዮን በሆነበት በዚያው ዓመት ከባልደረቦቹ ስንቱ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጡ? ቢያንስ ሰውየውን በዕለቱ ዕድሜና ጤንነት ይመዝነዋል። በዚህ ሚዛን ላይ ብቸኛ ኮከብ ሆነው ዋንጫ ያነሱት ስሞች ደስ ይላሉ፦ ሃኪም ኦላጁዋን በ1994፣ ዳንካን በ2003፣ ዲርክ ኖዊትዝኪ በ2011፣ ያኒስ አንቴቶኩንፖ በ2021፣ ኒኮላ ዮኪች በ2023። ቀጥሎ የሚመጡት ግን ተከራካሪዎቹን ግራ ያጋባሉ። ሌብሮን በ2016 ክሊቭላንድን ሻምፒዮን ሲያደርግ ከቡድኑ የተመረጠው እርሱ ብቻ ነበር። ጆርዳንም በ1991 የመጀመሪያውን፣ በ1998 የመጨረሻውን ቀለበት ሲያጠልቅ ፒፕን ከተመረጡት መካከል አልነበረም።

ታዲያ ሁለቱም ብቻቸውን አሸነፉ ልንል ነው? በ2016 በአምስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ሌብሮን 41 ነጥብ አስቆጠረ፤ ካይሪ ኧርቪንግም 41 ነጥብ አስቆጠረ። በሰባተኛው ጨዋታ ውጤቱ 89 ለ89 ሆኖ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀር ስቴፈን ከሪ ፊት ቆሞ ሦስት ነጥቧን የላካት ኧርቪንግ ነው። በዚያ ዓመት ያልተመረጠው የጉልበት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ዘግይቶ ወደ ሜዳ ስለተመለሰ ነበር። ፒፕንም በ1998 የተዘለለው የውድድር ዘመኑን ግማሽ ያህል በጉዳት ስላሳለፈ ነው። የኮከቦች ጨዋታ ምርጫ የሚደረገው ጥር ላይ ነው፤ ዋንጫው የሚነሳው ሰኔ ላይ። በመካከላቸው ብዙ ነገር ይድናል፤ ብዙ ነገርም ይሰበራል።

በጣም የሚያስቀው ግን በ1994 የሆነው ነው። ጆርዳን በ1993 መጸው ድንገት ጨዋታ አቆምኩ ብሎ ቤዝቦል ሊጫወት ሄደ። እርሱ በሌለበት በዚያው ዓመት ከቡልስ ሦስት ሰዎች ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጡ፦ ፒፕን፣ ግራንትና ቢ.ጄ. አርምስትሮንግ። ጆርዳን እያለ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ባልደረባው ተመርጦ አያውቅም። ልጆቹ በአንድ የእረፍት ወቅት አልተሻሻሉም፤ ጥላው ሲነሳላቸው ነው የታዩት። ትልቅ ዋርካ ሥር ያደገ ዛፍ ቁመቱ የሚለካው ዋርካው ሲወድቅ ነው።

ይህ ወደ ሦስተኛው መለኪያ ያመጣናል፤ እኔ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው። ኮከቡን ከቡድኑ አውጥተን የቀረውን ማየት። ለሙከራ ማንም ሰው ጆርዳንን ከሜዳ አያስወጣም፤ ታሪክ ግን አንዳንድ ጊዜ ሙከራውን በራሱ ያደርግልናል።

ቡልስ በ1993 ከጆርዳን ጋር በመደበኛው ውድድር 57 ጨዋታ አሸንፎ ነበር። በ1994 ያለ እርሱ 55 አሸነፈ። ልዩነቱ ሁለት ጨዋታ ነው። የሌብሮን ደጋፊዎች ይህችን ቁጥር እንደ ዳዊት ይደግሟታል፤ ምክንያቱም በሌብሮን በኩል ያለችው ቁጥር ሌላ ናት። ሌብሮን በ2010 ክሊቭላንድን ሲለቅ ቡድኑ ከ61 ድል ወደ 19 ወረደ፤ 26 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። በ2014 ማያሚን ሲለቅ ከ54 ወደ 37። በ2018 ዳግም ክሊቭላንድን ሲለቅ ከ50 ወደ 19። ሦስት ጊዜ ወጣ፤ ሦስት ጊዜ ቤቱ ፈረሰ። ከዚህ ተነስቶ «ጆርዳን የተዘጋጀ ማዕድ ላይ ተቀመጠ፤ ሌብሮን ግን ማዕዱም ወጥ ሠሪውም እርሱ ነበር» ማለት ቀላል ነው።

ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ድምዳሜው ግን ከቁጥሮቹ ቀድሞ ሮጧል። በ1994 ቡልስ ጆርዳንን ቢያጣም ባዶ እጁን አልቀረም፤ ቶኒ ኩኮችና ስቲቭ ከር የመጡት በዚያው የውድድር ዘመን ነው። ፊል ጃክሰን አሰልጣኝነቱን አልለቀቀም። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ደግሞ በ1993 በመደበኛው ውድድር ሙሉ ጉልበቱን ያፈሰሰ አይመስለኝም፤ 57 የሚለው ቁጥር ራሱ ከአቅሙ በታች ሳይሆን አይቀርም። ግራንት በ1994 የውድድር ዘመን ማግስት ወደ ኦርላንዶ ሲሄድ እውነተኛው ገመና ታየ፦ ጆርዳን በመጋቢት 1995 እስኪመለስ ድረስ ቡልስ 34 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ሲመለስ ከቀሩት 17 ጨዋታዎች 13ቱን አሸነፉ።

የሌብሮንም ቁጥሮች እንዲሁ ሲፈተጉ ገለባ አላቸው። ክሊቭላንድ በ2010 ያጣው ሌብሮንን ብቻ አልነበረም፤ አሰልጣኙ ማይክ ብራውን ተሰናብቷል፤ ሻኪል ኦኒል ሄዷል፤ የመሐል ተጫዋቹ ኢልጋውስካስም ሌብሮንን ተከትሎ ማያሚ ገብቷል። በ2015 ማያሚ ሲወርድ ክሪስ ቦሽ በሳንባው ደም ረግቶበት የውድድር ዘመኑን አጋማሽ አልተጫወተም። በ2018 ደግሞ ኬቨን ላቭ ለረጅም ጊዜ ተጎድቶ ነበር። ከዚህም ሌላ ሌብሮን የሚጫወትበት ቡድን ሁሉ የሚሠራው በእርሱ ልክ ነው፦ ኳሱ በእርሱ እጅ፣ ዙሪያውን ከሩቅ የሚተኩሱ ሰዎች። ምሰሶው መሐል ላይ የቆመ ጎጆ ምሰሶው ሲነቀል ይወድቃል፤ ይህ ግን ግድግዳው ከጭቃ የተሠራ መሆኑን ብቻውን አያረጋግጥም። የጃክሰን ቡልስ በሦስት ማዕዘን አሰላለፍ ኳሱን ለአምስቱም የሚያዳርስ ስለነበረ አንዱ ሲጎድል የቀሩት አራቱ ሥራቸውን ያውቁት ነበር።

ራስልን በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው። በ1969 ዋንጫውን አንስቶ ተሰናበተ፤ ሳም ጆንስም አብሮት። በቀጣዩ ዓመት ሴልቲክስ 34 አሸንፎ 48 ተሸነፈ፤ ለጥሎ ማለፍም አልበቃም። ሃቭሊቼክ ግን በዕድሜው እኩሌታ ላይ እዚያው ነበር። ያ ሁሉ የዝነኞች ሠራዊት የት ገባ? ራስል አጋሮቹ የተሸከሙት ንጉሥ ነው የሚለውን ሐሳብ ከዚህ በላይ የሚያፈርስ ነገር አላውቅም። ያም ሆኖ ሰውየውን ከዛሬዎቹ ጋር በቁጥር ማወዳደር የማይቻል መሆኑን መቀበል ግድ ነው። የታገዱ ኳሶች መቆጠር የጀመሩት በ1973 መጸው ሲሆን፣ ሥራው ማገድ የነበረው ራስል ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ ሄዷል። አንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲሆንና ሲወጣ የቡድኑ ውጤት እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳየው መዝገብም የሚገኘው ከ1996–97 ወዲህ ነው። አጋርን ከኮከቡ ለይቶ ለማየት የሚረዳው ዋናው መሣሪያ የተገኘው የጆርዳን ዘመን ሊያበቃ ሲል ነው ማለት ነው።

የፓው ጋሶልን ታሪክ ሳስብ ሦስቱንም መለኪያዎች እጠራጠራለሁ። ስፔናዊው ጋሶል በሜምፊስ ሳለ ቡድኑን ሦስት ጊዜ ለጥሎ ማለፍ አብቅቶ አሥራ ሁለት ጨዋታ ተጫወተ፤ አሥራ ሁለቱንም ተሸነፈ። በየካቲት 2008 ወደ ሌከርስ ሄደ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ፍጻሜ ደረሰ፤ በ2009ና በ2010 ዋንጫ አነሳ። የሌከርሱ ኮቢ ብራያንት ደግሞ ሻኪል ኦኒል ከሄደ በኋላ በ2005 ጥሎ ማለፍ ሳይገባ ቀርቶ፣ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት በመጀመሪያው ዙር ተሰናብቶ ነበር። ታዲያ ጋሶል ብርቱ አጋር ነበር ወይስ ደካማ? ያለ ኮቢ ዜሮ ነው፤ ኮቢም ያለ እርሱ የመጀመሪያ ዙር ተሰናባች ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሻምፒዮን። አንዱን ከሌላው ቀንሶ የሚተርፈውን ለመቁጠር የሚሞክር ሰው ጨውና በርበሬውን ከወጡ ለይቶ ሊመዝን ከተቀመጠ ሰው አይለይም።

ክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሳው ነገር ገንዘብ ነው። አጋር ከሰማይ አይወርድም፤ በደመወዝ ጣሪያ ሥር ይገዛል። ፒፕን በ1991 ለረጅም ዓመታት የሚያስረውን ውል ፈረመ፤ ከድሃ ቤት የወጣ ልጅ ነበርና ዋስትናውን መረጠ። ውጤቱ? በ1997–98 የውድድር ዘመን 2.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እየተከፈለው በሊጉ ውስጥ በደመወዝ 122ኛ ደረጃ ላይ ነበር። ጆርዳን በዚያው ዓመት 33 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለው ነበር፤ ይህም ለአንድ ቡድን ከተፈቀደው አጠቃላይ የደመወዝ ጣሪያ ይበልጣል። ጣሪያው የራስን ነባር ተጫዋች ለማስቀረት ሲሆን ይታለፍ ስለነበረ ነው ይህ የተቻለው። የጆርዳን አጋሮች ብርታት በከፊል የፒፕን ኪሳራ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የጎልደን ስቴቱ ስቴፈን ከሪም ተመሳሳይ ዕዳ አለበት፤ የእርሱ ግን ለገዛ ቁርጭምጭሚቱ ነው። በ2012 ቁርጭምጭሚቱ በተደጋጋሚ ስለተጎዳ በአራት ዓመት 44 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ፈረመ። በ2016 ደግሞ አዲሱ የቴሌቪዥን ውል ጣሪያውን በአንድ ጊዜ ከ70 ወደ 94 ሚሊዮን ዶላር አስፈነጠረው። 73 ጨዋታ ያሸነፈው ጎልደን ስቴት ኬቨን ዱራንትን ሊጨምር የቻለው ሁለቱ ነገሮች ስለተገጣጠሙ ነው። የማጂክ ጆንሰን ዕድል ከዚህም ይገርማል። ሌከርስ በ1979 እርሱን የወሰደው፣ ከአዲስ ተጫዋቾች ቀድሞ የመምረጡ ተራ ለማን እንደሚደርስ ከቺካጎ ጋር ሳንቲም ተጥሎ ነው፤ ሳንቲሟ በሌላ ጎኗ ብትወድቅ ማጂክ የቡልስ ነበር። ካሪም አብዱል ጀባር ሌከርስ ውስጥ ይጠብቀው ነበር። በ1982 ደግሞ ሻምፒዮን የነበረው ሌከርስ ቀደም ሲል ከክሊቭላንድ ባገኘው ተራ የዓመቱን የመጀመሪያ ምርጫ ተጠቅሞ ጄምስ ወርዚን ወሰደ። ቅድሚያው ለደካሞች በሚሰጥበት ሊግ ዋንጫ የያዘ ቡድን ከሁሉም ቀድሞ ሲመርጥ! ማጂክ አምስት ቀለበት አለው፤ አምስቱንም ያጠለቀው ከካሪም ጋር ነው፤ ይህን ማንም እንደ ነቀፋ አያነሳበትም፤ ፈገግታው ያምራልና።

ሌብሮን የሚነቀፈው አጋሮቹን ራሱ ስለመረጠ ነው። በ2010 ከዌድና ከቦሽ ጋር ማያሚ ላይ ሲገናኙ ሦስቱም ከሚገባቸው ያነሰ ደመወዝ ተቀበሉ። አለቃ ሲመርጥልህ ዕድለኛ፣ ራስህ ስትመርጥ ፈሪ የሚያሰኝበትን ምክንያት እስካሁን አልገባኝም። ለማንኛውም ሦስቱ ተሰባስበው በመጀመሪያው ዓመት ተሸንፈዋል።

ያሸነፋቸው ዳላስ ነው። የ2011 ዳላስ በወረቀት ላይ የአንድ ሰው ቡድን ይመስላል፦ ኖዊትዝኪ፣ የ38 ዓመቱ ጄሰን ኪድ፣ ሾን ማሪዮን፣ ታይሰን ቻንድለር፣ ተቀያሪው ጄሰን ቴሪ። ጀርመናዊው በአራተኛው ጨዋታ ትኩሳት ይዞት እየተንቀጠቀጠ ተጫውቶ አሸንፏል። ስለዚህ «ብቻውን ሦስቱን ጣለ» የሚል ታሪክ ተጻፈለት። ዋንጫው የተነሳበትን ስድስተኛውን ጨዋታ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያስታውሳል። በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ነበር የተጀመረው። ኖዊትዝኪ በመጀመሪያው አጋማሽ 12 ጊዜ ተኩሶ አንዷን ብቻ አገባ። ቡድኑን ያቆመው ቴሪ ነው፤ ሲያበቃ 27 ነጥብ ነበረው። ብቸኛው ኮከብ ኮከብነቱ በጠፋበት ሰዓት አንድም ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ ያልተመረጠ ሰው ተሸከመው። በሌላ በኩል ሌብሮን በዚያ ተከታታይ ጨዋታ በአማካይ ያስቆጠረው 17.8 ነጥብ ነበር። ዌድና ቦሽ ከጎኑ መሆናቸው አላዳነውም።

እንግዲህ እኔ ራሴ ብጠየቅ? ከቀለበት ሁሉ በአነስተኛ ስንቅ የተወሰደው የኦላጁዋን የ1994ቱ ነው እላለሁ። የሌጎሱ ልጅ በዚያ ዓመት የሊጉ ኮከብ ተጫዋች፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይና የፍጻሜው ኮከብ ተባለ፤ ሦስቱን በአንድ ዓመት የሰበሰበ ሰው ከእርሱ ሌላ የለም። አጠገቡ ኦቲስ ቶርፕ፣ ቨርነን ማክስዌል፣ ኬኒ ስሚዝ፣ ገና ወጣት የነበረው ሮበርት ሆሪ፣ ጀማሪው ሳም ካሴል ነበሩ። በስድስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ቡድኑ ሂውስተን 86 ለ84 እየመራ የኒው ዮርኩ ጆን ስታርክስ ለድል የላካትን የመጨረሻ ኳስ ኦላጁዋን በጣቱ ጫፍ ነካት፤ በሰባተኛው ጨዋታ ዋንጫው የእርሱ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ክላይድ ድሬክስለር መጣለት፤ ቡድኑ ግን ስድስተኛ ሆኖ ጥሎ ማለፍ ገብቶ ከ55 ጨዋታ በላይ ያሸነፉ አራት ቡድኖችን በተከታታይ ጣለ። የዳንካን 2003 ለጥቂት ይከተለዋል።

እርግጥ ይህ ስለ አንድ ዓመት የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ኦላጁዋን ከጆርዳን ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ደግሞም ጆርዳን በ1994 ሙሉ በሙሉ፣ በ1995 በከፊል አለመኖሩን የሚያስታውሰኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተቃራኒህ ማን እንደነበረ ሳይጠየቅ አጋርህ ማን እንደነበረ ብቻ መጠየቅ ግማሽ ሒሳብ ነው፤ እቀበላለሁ። ጆርዳንን በሚመለከት የማምነው ይህን ነው፦ አጋሮቹ ደጋፊዎቹ ከሚሉት በጣም የተሻሉ፣ ነቃፊዎቹ ከሚሉት ጥቂት ያነሱ ነበሩ። ሌብሮን ግን በአንድ ነገር ከሁሉም ይለያል። በሦስት የተለያዩ ቡድኖች፣ በሦስት የተለያዩ የአጋር ስብስቦች አሸንፏል፤ በእያንዳንዱም የፍጻሜው ኮከብ ተብሏል። አጋሮቹን አንድ በአንድ እየቀያየርን ስንፈትነው ሳይለወጥ የሚቀረው እርሱ ብቻ ነው።

ወደፊት ይህ ክርክር መልኩን ሳይቀይር አይቀርም። ከ2019 እስከ 2025 በሰባት ዓመት ሰባት የተለያዩ ቡድኖች ሻምፒዮን ሆነዋል፦ ቶሮንቶ፣ ሌከርስ፣ ሚልዋኪ፣ ጎልደን ስቴት፣ ዴንቨር፣ ቦስተን፣ ኦክላሆማ ሲቲ። ራስል ብቻውን በተከታታይ ስምንት በወሰደበት ሊግ ውስጥ ነው ይህ የሆነው። ክለቦችና ተጫዋቾች በ2023 የተስማሙበት ደንብ ከጣሪያው እጅግ አልፎ የሚከፍልን ቡድን በቅጣት ገንዘብ ብቻ አይለቀውም፤ ተጫዋች የሚለዋወጥበትንና የሚያስፈርምበትን መንገድ ሁሉ ያጠብበታል። ቦስተን በ2024 ሻምፒዮን ሆኖ፣ በ2025 የዝውውር ወቅት ጁሩ ሆሊደይንና ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን አሳልፎ የሰጠው ሜዳ ላይ ስለከዱት አይደለም፤ ሒሳቡ አልወጣ ስላለው ነው።

ኦክላሆማ ሲቲ አሁን እዚያው በር ላይ ቆሟል። በ2025 ሻምፒዮን ሲሆን ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር የዓመቱም የፍጻሜውም ኮከብ ነበር። ጃለን ዊሊያምስና ቼት ሆልምግረን ግን ገና በጀማሪነት ውላቸው፣ በርካሽ ዋጋ ይጫወቱ ነበር። ዋንጫው ከተነሳ ከሳምንታት በኋላ ሦስቱም አዲስ ውል ፈረሙ፤ በድምሩ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ክፍያው ሙሉ በሙሉ ሲጀምር የቡድኑ አስተዳዳሪ ሳም ፕረስቲ ከተቀያሪዎቹ ማንን እንደሚያስቀርና ማንን እንደሚሸኝ መቁጠር ይኖርበታል።